ሪሞቱ በማን እጅ ይሁን? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የ10 ዓመት ወንድ እና የ7 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ስክሪን ላይ ተተክለው ከሚውሉ አብረን የምንይዘው ነገር ስፈልግ የሪሞት ሄሊኮፕተር አሰብኩ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው። አንድ ጓደኛዬ ከገዛህ አይቀር ባለ 6 ቻናሉን (በሪሞቱ ስድስት ነገር ለየብቻ የሚታዘዝለትን) ትልቁን ግዛ፣ ትንሹ ቶሎ ይሰለቻል አለኝ። ልክ ነው? ባለቤቴ ደግሞ ባትሪው ይቃጠላል ሲባል ሰምታ ቤቴ አይገባም ብላለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ክፉ አላሰበም፣ ግን የመከረው ላንተ ነው እንጂ ለልጆቹ አይደለም። ባለ 6 ቻናሉ አየር ላይ እያለ የክንፎቹን ዘንበልታ የሚቀይር፣ ተገልብጦ ሁሉ የሚበር ማሽን ነው፣ ጣትህ ትንሽ ስትንሸራተት እሱ ሜትሮች ርቆ ይሄዳል። ትልልቆቹ ላይ ያለው ክንፍ ደግሞ ከካርቦን ፋይበር የተሰራና በደቂቃ ከ1500 ዙር በላይ የሚሽከረከር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ልምድ ያለው ወጣት በራሱ ሄሊኮፕተር ተመቶ ሞቷል። ይሄ የ7 ዓመት ልጅ ቆማ የምታየው ነገር አይደለም፣ በቃ።

ስለዚህ ኮአክሲያል የሚባለውን ፈልግ፣ ላይና ታች ሁለት ክንፍ ያለውና ክንፎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩትን ማለቴ ነው። አንዱ ሰውነቱን ወደ ቀኝ ሊያዞረው ሲል ሌላው ወደ ግራ ይይዘዋል፣ ልጁ ስቲኩን (የሪሞቱን መምሪያ ዘንግ) ቢለቀው እንኳን ብዙ አይንገዳገድም። ነጠላ ክንፍ ያለው ግን ሰውነቱ ሁሌ ከክንፉ በተቃራኒ መዞር ይፈልጋል፣ ጅራቱ ላይ ያለችው ትንሿ ፕሮፔለር የተቀመጠችው እሱን ለመያዝ ነው። ይሄን ለልጆቹ በወሬ አታስረዳ፣ የሚሽከረከር ወንበር ካለ አንዱን አስቀምጥና እግሩን አንስቶ ሁለት እጁን በኃይል ወደ ቀኝ ያወናጭፍ፣ ወንበሩ ወደ ግራ ሲሄድበት ያያል። ከዛ የጅራቷ ፕሮፔለር ብትቆም ምን ይፈጠራል ብለህ ጠይቅ፣ መልሱን ራሳቸው ያመጡታል።

ስትገዛ አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ በጣም ርካሾቹ በኢንፍራሬድ (እንደ ቲቪ ሪሞት በማይታይ ብርሃን) ነው የሚሰሩት፣ ፀሐይ ባለበት ሪሞቱን አይሰሙም። በሬዲዮ ሞገድ የሚሰራውን፣ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚለውን ካገኘህ እሱ ይሻላል፣ ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ቢያበሩም አይጠላለፍባቸውም። ውጪ ግን አትሞክሩት ባይ ነኝ፣ ትንሽ ንፋስ ካለ ይዞት ይሄዳል። ይሰለቻል ስላልከው ደግሞ የሚሰለቸው አባትየው ሲያበር ቆሞ የሚያይ ልጅ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ ባለቤትህ የፈራችው ከመሬት ተነስታ አይደለም። ሊቲየም ፖሊመር ስለሆነ ከተወጋ፣ ከተጨቆነ ወይም ከልክ በላይ ከተሞላ ሊቃጠል ይችላል። አንዱ ሴል (የባትሪው አንዱ ክፍል) ሞልቶ 4.2 ቮልት ነው፣ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። ቻርጅ ማድረግ የአዋቂ ስራ ይሁን፣ በራሱ ቻርጀር፣ ሶፋና አልጋ ላይ ሳይሆን ሴራሚክ ወለል ላይ፣ ሰው ባለበት ሰዓት፣ ማታ ሰክተህ መተኛት የለም። ከበረራ እንደወረደ ትኩስ ነው፣ ይቀዝቅዝ። ያበጠ ባትሪ ካየህ አትራራለት፣ ከአገልግሎት አውጣው። ይሄን ለባለቤትህ እንደ ህግ ጻፍላትና ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ ሳትስቅ አትቀርም ግን ትስማማለች።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ ባለ 4 ቻናል ትንሽ ሄሊኮፕተር አላት። ጅራቱ ወደሷ ሲሆን ጥሩ ታበራለች፣ አፍንጫው ወደሷ ሲዞር ግን ቀኝና ግራው ይምታታባትና ይከሰከሳል፣ ታለቅሳለች። አባቷ ደግሞ ሊወድቅ ሲል ሪሞቱን ከእጇ ይነጥቃል፣ በዚህ ሰበብ ሁለቱ ተኳርፈዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የልጅሽ ነገር የሁሉም ሰው ነው፣ አዋቂዎቹም እዛው ጋ ነው የሚያለቅሱት። አፍንጫው ወደሷ ሲዞር ቀኝና ግራ፣ ፊትና ኋላ ይገለበጣሉ፣ ከፍና ዝቅ ብቻ አይቀየርም። የቆየ ዘዴ አለ፣ አፍንጫው ወደሷ እያለ ወደ ጎን ሲንሸራተትባት ስቲኩን ወደሚንሸራተትበት ጎን ትግፋው፣ ከስር እንደምትደግፈው ዓይነት፣ ይመለስላታል። ግን ወደዛ በአንዴ አትዝለል፣ መጀመሪያ ጅራቱ ትንሽ ገደድ ብሎ፣ ቀጥሎ ጎኑን ሰጥቷት፣ አፍንጫው መጨረሻ። ሪሞቱ ከኮምፒውተር የሚገናኝ ከሆነ ሲሙሌተር (ስክሪን ላይ የሚበር የማስመሰያ ፕሮግራም) ላይ ብትለማመድ ደግሞ የፈለገችውን ያህል ብትከሰክስ የሚሰበር ነገር የለም። ሌላው፣ ልጆች ስለሚፈሩ መሬት አስታከው ነው የሚያበሩት፣ እዛ ደግሞ ክንፉ የገፋው አየር ከወለሉ ተመልሶ ስለሚመጣ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። ከጉልበት ከፍ ታድርገው።

አባትየው ጋ ስንመጣ ይቅርታ ያድርግልኝና መንጠቁ ሄሊኮፕተሩን አያድነውም፣ በሽሚያው መሃል ስቲኩ ይነካና ጭራሽ ጣሪያ ይመታል። ከዚህ ይልቅ አንድ ቃል ተስማሙ፣ «ቁረጥ» ሲባል ማንም ይበለው ማን ስሮትሉ (ለክንፉ ኃይል የሚሰጠው ስቲክ) ዜሮ ይገባል። ክንፉ ኃይል ሳይኖረው ከወደቀ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፣ የሚሰባብረው ወድቆም ስሮትሉ ሳይዘጋ ሲቀር ነው፣ ሞተሩም የሚቃጠለው እንደዛ ነው። የግድ እጄ ላይ ካልሆነ ካለ ሁለት ሪሞት የሚያገናኝ የማሰልጠኛ ዘዴ ያላቸው ሞዴሎች አሉ፣ አስተማሪው ማብሪያ ማጥፊያዋን ሲለቅ መቆጣጠሪያው ወደሱ ይመለሳል፣ ንጥቂያ የለም።

ደግሞ ሲሰበር የሚጠግነው አባትየው ብቻ ከሆነ ካቻቢቴውን ለሷ ይስጣት። ባትሪው ወጥቶ፣ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ (ብሎኖቹ ጥቃቅን ናቸው፣ ምንጣፍ ላይ ከወደቁ በቃ ሄዱ)፣ የተሰበረውን ክንፍ እሷ ፈታ አዲሱን ታስገባ። ብሎኑን ድርቅ አድርጋ እንዳታጠብቀው፣ ክንፉ በጣት ሲነካ ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት። አባትየው አጠገቧ ተቀምጦ ብሎን ያቀብል፣ ኩርፊያው እዛ ጋ ሳይረግብ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ከዚህ ሁሉ ድሮን አይቀልም?

መልስ፦ ይቀላል። ባለ 4 ፕሮፔለሩ ብዙ ጊዜ ከፍታውን ራሱ ይይዛል፣ ጂፒኤስ ያለው ደግሞ እጅ ሲለቀቅ ባለበት ይቆማል፣ ልጁ ቪዲዮ ማንሳት ከሆነ የሚፈልገው እሱን ግዙለት። ማብረር ራሱን የሚፈልግ ልጅ ግን ሄሊኮፕተር ላይ ይማራል፣ ምክንያቱም ማሽኑ እንደ ድሮኑ አያግዘውም። ሁለቱንም ውጪ ከማውጣታችሁ በፊት የምትኖሩበትን ቦታ ህግ ጠይቁ፣ ኤርፖርት አካባቢ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ስትጀምሩ ቅድሚያ ሪሞቱን አብሩ ከዛ ሄሊኮፕተሩን፣ ስትጨርሱ ቅድሚያ ሄሊኮፕተሩን አጥፉ ከዛ ሪሞቱን፣ ረጅም ፀጉር ያላት ልጅ ደግሞ ትሰር።