የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኪቡትዝ ዛሬም አለ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ተማሪ ሳለሁ የእስራኤል ኪቡትዞች ንብረት ሁሉ የጋራ የሆነባቸው፣ ሕፃናትም ከወላጆቻቸው ተለይተው በአንድ ቤት የሚያድጉባቸው መንደሮች እንደሆኑ ተነግሮን ነበር። አሁን ግን አባላቱ የየራሳቸው ደመወዝና ቤት እንዳላቸው እሰማለሁ። ታዲያ ኪቡትዝ አለ ይባላል ወይስ የቀረው ስሙ ብቻ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያኔ የተማሩትም ሆነ ዛሬ የሚሰሙት እውነት ነው። የመጀመሪያው ኪቡትዝ ደጋኒያ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 የዮርዳኖስ ወንዝ ከገሊላ ባሕር በሚወጣበት አካባቢ በጥቂት ወጣቶች ተመሠረተ፤ ሁሉም እንደ አቅሙ ሠርቶ እንደሚያስፈልገው መጠን የሚቀበልበት ሥርዓትም ከዚያ ተስፋፋ። ዛሬ ካሉት 270 ገደማ ኪቡትዞች መካከል ግን በአብዛኞቹ የአባላት ገቢ እንደየሥራቸው ይለያያል። ደጋኒያ ራሷም በ2007 ወደዚሁ አሠራር ገብታለች።

ለውጡን ሁሉ በገንዘብ ማስረዳት የተለመደ ነው። በእኔ እምነት ግን አስቀድሞ የተናጋው የሕፃናት ቤት ነው። ሕፃኑ ቀኑን ከሞግዚቶች ጋር ውሎ፣ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሰዓት ከወላጆቹ ጋር ይቆይና ለመኝታ ተመልሶ ወደ ሕፃናት ቤት ይወሰድ ነበር። ሌሊት ደንግጦ ሲነቃ የሚደርስለት እናቱ ሳትሆን የዚያ ሌሊት ተረኛ ጠባቂ ነበረች። መሥራቾቹ ይህን ያደረጉት ሴቶችን ከቤት ውስጥ ሥራ ለማላቀቅና ትውልዱን በእኩልነት ለማሳደግ በማሰብ ነበር፤ ዓላማቸውን አላቃልልም። ይሁን እንጂ በዚያው ቤት ያደጉ ሴቶች ራሳቸው እናት ሲሆኑ ብዙዎቹ ልጆቻቸው ከጎናቸው እንዲያድሩ ጠየቁ፤ ኪቡትዞቹም አንዱ ከሌላው በኋላ ፈቀዱ። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የኢራቅ ሚሳኤሎች እስራኤል ላይ ሲወድቁ፣ በቀሩት ጥቂት ኪቡትዞችም አሠራሩ ወደ ፍጻሜው ተቃረበ።

ልጆች ቤት ማደር ሲጀምሩ መኖሪያ ቤቶች መስፋት፣ እራትም በየቤቱ መበላት ነበረበት። ስለዚህ ሰው ሁሉ በቀን ሦስት ጊዜ ይገናኝበት የነበረው፣ በዓል የሚከበርበትና ጠቅላላ ጉባኤ የሚካሄድበት የጋራ መመገቢያ አዳራሽ እየተቀዛቀዘ ሄደ፤ በብዙ ስፍራም ምግብ በክፍያ ሆነ፣ አንዳንዱ ጭራሹን ተዘጋ።

የዕዳው ቀውስ የመጣው በዚህ መሐል ነው። በ1984 የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት ከ400 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። መንግሥት በ1985 ግሽበቱን ለመግታት እርምጃ ሲወስድ ወለዱ ከበደ፤ በብድር ፋብሪካና ቤት የሠሩ ኪቡትዞችም መክፈል ተሳናቸው። ወጣቶች ወደ ከተማ ሲፈልሱ የተጎዱት አዛውንቶቹ ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ለጋራው ሠርተው፣ ተተኪው ትውልድ ይጦረናል ብለው ስላመኑ ብዙዎቹ በቂ የጡረታ ገንዘብ አልነበራቸውም። የደመወዝ ልዩነት የተጀመረው በአብዛኛው ወጣቱን ለማቆየት ስለሆነ፣ እምነትን እንደመክዳት ብቻ መቁጠሩ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

በ2005 የወጣው የመንግሥት ደንብ የጋራ ኪቡትዝንና «የታደሰ» ኪቡትዝን ለይቶ አስቀምጧል። በታደሰውም ቢሆን አባላት እርስ በርስ ዋስ መሆናቸው አልቀረም፤ ከፍ ያለ ገቢ ያለው ያዋጣል፣ ዝቅተኛ ገቢ ያለው፣ አዛውንቱና ሕመምተኛው ይደገፋል። ለጥያቄዎ መልሱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ይህ ዋስትና በሚሠራበት ስፍራ ኪቡትዝ አለ።

የቀድሞውን ሥርዓት የጠበቁም አሉ። ከጋዛ ድንበር አጠገብ የሚገኘውና በማተሚያ ቤቱ የሚታወቀው ቤኤሪ ከእነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 7 ቀን 2023 በደረሰበት ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለውበታል። የተረፉት በሙት ባሕር ዳርቻ ሆቴል ተጠልለው ሳለ ማተሚያ ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ሥራ ጀመረ፤ በኋላም ብዙዎቹ በደቡብ እስራኤል በኔጌቭ በረሃ በሚገኘው በሐጼሪም ኪቡትዝ በተሠራላቸው ጊዜያዊ ሰፈር አብረው ኖረዋል። ሐጼሪም በ1965 በጠብታ መስኖ የታወቀው የኔታፊም ኩባንያ የተመሠረተበት ነው።

ባለፉት ዓመታት ደግሞ ወጣት ቤተሰቦች ወደ ኪቡትዞች እየተመለሱ፣ አባል ያልሆኑ ነዋሪዎችም በአዳዲስ ሰፈሮች እየሰፈሩ ነው። እነዚህ ነዋሪዎች ልጆቻቸውን በዚያው መዋዕለ ሕፃናት ያሳድጋሉ፤ ማኅበሩ ባፈራው ሀብት ላይ ግን ድምፅ የላቸውም። በዚህም ምክንያት በብዙ ኪቡትዞች የአባላቱ የኅብረት ሥራ ማኅበርና ነዋሪውን ሁሉ የሚወክለው የአካባቢ ኮሚቴ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ የሁለቱ ድንበር የት ላይ እንደሚሆንም ገና እየተከራከሩበት ነው።