ዕጢው ዛሬውኑ ለምን አይወጣም?

ጤና ይስጥልኝ፣

የ3 ዓመት ልጃችንን ሰውነቷን ስናጥባት በግራ ሆዷ ጠጠር ያለ ነገር ዳሰስን። በአልትራሳውንድና በሲቲ ስካን ታይቶ ዊልምስ የሚባል የኩላሊት ዕጢ ነው ተባልን፤ ሳንባዋ ነጻ ነው። ሐኪሞቹ 4 ሳምንት ኬሞ ተሰጥቷት ከዚያ ኩላሊቷ ከነዕጢው ይወጣል ብለዋል። ባለቤቴ «እያደገ እያየነው ምን ያስጠብቀናል?» ትላለች። እናቴ ደግሞ «ካንሰር ቢላ ከነካው ይበተናል» ብላ ጸበልና ወጌሻ ካልሆነ ትላለች። እኔ መሐል ቤት ቀርቻለሁ። ለመሆኑ በአንድ ኩላሊት መኖር ትችላለች?

አባት፣ ከደሴ

መልስ፦

ወንድሜ፣ የእናትዎ ፍርሃት መሠረት አለው፤ መድኃኒቱን ነው የሳቱት። ዊልምስ በስስ ሽፋን የተያዘ፣ ውስጡ ልፍስፍስ ያለ ዕጢ ነው። ዕጢው ሲወጣ ሽፋኑ ከተቀደደ የካንሰሩ ሕዋሳት ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈስሳሉ፤ የካንሰሩ ደረጃም (የስርጭቱ መጠን) 3ኛ ይሆናል። ያኔ ሆዷ ጨረር ያስፈልገዋል፤ እንደ ዕጢው ዓይነትም ልብን ሊጎዳ የሚችለው ዶክሶሩቢሲን የተባለ የኬሞ መድኃኒት ሊጨመር ይችላል። ኬሞው የሚቀድመው ለዚህ ነው፤ ቪንክሪስቲን በየሳምንቱ፣ አክቲኖማይሲን በ1ኛውና በ3ኛው ሳምንት ሲሰጥ ዕጢው አንሶ፣ ሳይፈርጥ የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ይቀድማል፤ ውጤቱ ተቀራራቢ ነው። ዕጢው ገዝፎ ለሚመጣበት አገር ግን የሐኪሞቻችሁ መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ።

ወጌሻ ፈጽሞ አይንካት። የታሸ ሆድ ውስጥ ዕጢው ያለ ቢላም ሊፈርጥ ይችላል። «እስቲ ልዳስሰው» የሚል ዘመድም ይከልከል። ጸበል ይረጩላት፤ በኬሞ ጊዜ ግን ያልፈላ ውሃ አትጠጣ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ዕጢው ወደ ኩላሊቱ ደም መላሽ ሥር ወይም ወደ ትልቁ ደም መላሽ ገብቶ እንደሆነ በአልትራሳውንድ ታይቷል ወይ? ሳይታወቅ ቢሳብ ብዙ ደም ይፈሳል፤ ቁራጩም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛ፣ በዙሪያው ያሉት ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖዶች) ለምርመራ ይወሰዳሉ ወይ? ቢያንስ 7 ቢወሰዱ ይመረጣል። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ንፍፊት ካልተመረመረ ደረጃው ዝቅ ተብሎ ይገመትና ሕክምናው ያንስባታል። ደም ለጋሽ ዘመዶችንም አስቀድመው ያዘጋጁ።

ቤት ከገባች በኋላ አንጀቷ ሊዘጋ ይችላል፤ ከወራት በኋላም ቢሆን። ቪንክሪስቲን ራሱ ሆድ ስለሚያደርቅ «የኬሞው ነው» ተብሎ ይታለፋል። አረንጓዴ ትውከት ከመጣ፣ ሆዷ ከተነፋ ወይም ፈስ ከቆመ ሌሊትም ቢሆን ይዘዋት ይሂዱ።

በአንድ ኩላሊት በደንብ ትኖራለች፤ የቀረው ሥራውን ይሸፍናል። በየቀጠሮው የደም ግፊቷ ይለካ፣ ሽንቷ በየጊዜው ይመርመር። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጧት።

ከቢላው ይልቅ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ዕጢው አንሶ በእጅ አልዳሰስ ሲል፣ ወይም ወጥቶ ቁስሉ ሲደርቅ፣ «ዳነች» ተብሎ ወደ ቤት ይኬዳል። የቀሩት ሕዋሳት በዓይን አይታዩም፤ ስለዚህ ኬሞው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ3 ሳምንት ውስጥ መቀጠል አለበት። ከሆስፒታል ሳይወጡ ያንን ቀጠሮ አስጽፈው ይያዙ፤ የፓቶሎጂ (የወጣው ዕጢ ምርመራ) ውጤቱ መቼ እንደሚደርስም ይጠይቁ።