የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ካታላይዘር ሲቀየር ዳገቱ ይቀላል?

ጥያቄ፦ የ1999 ሞዴል ኮሮላ አለኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ሐረጎ ላይ አቅም ያጣል። ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣውን ዳገት አሁን ሁለተኛ ካላስገባሁ አልወጣ አለኝ። መካኒኩ «ካታላይዘሩ ተደፍኗል፣ መቀየር አለበት» ብሎኛል። ዋጋው ቀላል አይደለምና ብቀይረው በእርግጥ ጉልበቱ ይመለሳል?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ ሸዋ በር

መልስ፦ ካታላይዘሩ፣ ማለትም የጭሱን መርዝ የሚያቃጥለው የጭስ ቱቦ ክፍል፣ ተደፍኖ ከሆነ ጉልበቱ ይመለሳል፤ ልዩነቱንም በመጀመሪያው ዳገት ያዩታል። ካልተደፈነ ግን አዲሱ ምንም ጉልበት አይጨምርልዎትም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ያስለኩት።

መጀመሪያ ከፍታውን ከሒሳቡ እናውጣ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ደሴ ሲደርስ ሩብ ያህሉን አጥቷል ማለት ነው። ይህ የአየር መሳሳት ነው፣ ማንም መካኒክ አይጠግነውም። የእርስዎ መኪና ግን በዚያው መንገድ ላይ ከቀድሞው ደክሟል፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። የተደፈነ ካታላይዘር የተለመደ ምልክቱ መኪናው በሚኒሞ (ቆሞ ቤንዚን ሳይሰጠው) ደህና ሠርቶ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ በደቂቃ እስከ 2,500 ወይም 3,000 ዙር ወጥቶ እዚያው መታነቁ ነው። ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ይብሳል።

ቀላሉ ሙከራ ይህ ነው፦ ከካታላይዘሩ በፊት ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈትቶ ቀዳዳውን ክፍት በመተው አጭር ዳገት መሞከር። ጭሱ መውጫ ስለሚያገኝ፣ ተደፍኖ ከነበረ መኪናው ወዲያው ይነቃል። ድምፁ ይጮኻል፣ የሚወጣውም ትኩስ ጋዝ ነውና የሴንሰሩን ገመድ ራቅ አድርገው ይሰሩ፤ ሙከራውም ከጥቂት ደቂቃ አይለፍ።

የተሻለው በዚያው ቀዳዳ ላይ የግፊት ጌጅ መግጠም ነው። በሚኒሞ ከ0.1 ባር፣ በ2,500 ዙር ከ0.2 ባር በላይ ካሳየ መንገዱ ተዘግቷል። የቫኩም ጌጅ (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ መሣሪያ) የሚጠቀም ጋራዥ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የጥገና መጽሐፉ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይላል፤ ያ ግን ለባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ደሴ ላይ ጤነኛው ሞተር ከ10 እስከ 13 አካባቢ ያሳያል፤ ይህን አይቶ «ሞተሩ አልቋል» የሚል ካለ አይመኑት። መታየት ያለበት አኃዙ ሳይሆን አካሄዱ ነው፤ ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ ይዘው መርፌው ቀስ በቀስ እየወረደ ከሄደ ጭሱ መውጫ አጥቷል።

ተደፍኖ ከተገኘ ቀጣዩ ጥያቄ ምን ደፈነው የሚለው ነው። ይህን ሳይመልሱ አዲስ መግጠም አዲሱንም መግደል ነው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሴራሚክ ሲሆን ቀዳዳዎቹ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም ተለብጠዋል። ያልተቃጠለ ቤንዚን ሲደርሰው እዚያው ውስጥ ይነዳል፤ ሴራሚኩ ይቀልጣል፣ ይዘጋል። ዘይት የሚበላ ሞተር ደግሞ በዘይቱ ውስጥ ባለው ፎስፈረስ ይሸፍነዋል። ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) ያለቀ ሞተር በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ዘይት እየጠጣ ከሆነ ቅድሚያው ሞተሩ ነው። ካንዴላዎቹን አውጥቶ ማየት ብዙ ይናገራል፤ ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ እርጥብ ቅባት ዘይት መግባቱን ያሳያል። የካንዴላ ገመድና ቦቢናም ይፈተሹ፤ አንድ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲዘል የዚያ ሲሊንደር ቤንዚን በሙሉ ወደ ካታላይዘሩ ይሄዳል።

እንደ ደሴ ባለ ብርዳማ ከተማ ከሁሉ በላይ እንዲታይልን የምንፈልገው ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ የማቀዝቀዣ ውሃውን የሚይዘው ቫልቭ ነው። ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዦች ልማድ ሆኗል። ያለ እሱ ሞተሩ ወደ 80 ዲግሪ ሳይደርስ ይከርማል፤ ኮምፒውተሩም «ገና አልሞቀም» ብሎ ቤንዚን መጨመሩን አያቆምም። ውጤቱ ከፍተኛ ፍጆታ፣ ጥቁር ካንዴላ፣ በመጨረሻም የተደፈነ ካታላይዘር ነው። በ82 ዲግሪ የሚከፍት ቴርሞስታት ከካታላይዘር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩንም በመልቲሜትር ያስለኩ፤ በቶዮታ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም መስጠት አለበት።

አሮጌውን ካታላይዘር ለጋራዡ ትተው አይሂዱ። ውስጡ ያለው ብረት ዋጋ አለው፣ ንብረትነቱም የእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ ካታላይዘር አስቀየርኩ። መኪናው ቀለለ፣ ነገር ግን ቤንዚን መብላቱ ጨመረ። የተገጠመልኝ ዕቃ መጥፎ ይሆን?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ዕቃው ሳይሆን አገጣጠሙ ይመስለናል። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ወይም አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ ካለ፣ የጭሱ ግፊት በሚወርድበት ቅጽበት የውጭ አየር ይገባል። ሴንሰሩ ኦክስጅን ሲያይ «ቤንዚኑ አንሷል» ብሎ ይዘግባል፤ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። በዚህ ከቀጠለ አዲሱ ካታላይዘርም አይቆይም፤ ስለዚህ አያዘግዩት።

ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ያስነሱት፤ አንድ ሰው የማርሚታውን ጫፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለአፍታ ይያዝ፣ ሌላው ከስር ያዳምጥ። ጭስ የሚያፈስ መገጣጠሚያ ይተነፍሳል፣ ወይም ቲክ ቲክ ይላል። ጥቁር የጥላሸት መስመር ያለበት ቦታም ራሱን ያሳያል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አሮጌው ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ተመልሶ መግባቱ ነው፤ አንዴ የተጨመቀ ቀለበት ሁለተኛ አይዘጋም። ተራ ሲሊኮን ቀብቶ መዝጋት ደግሞ ከማፍሰሱ ይብሳል፣ ትነቱ ሴንሰሩን ይገድላል።

መገጣጠሚያው ደህና ከሆነ ሴንሰሩ ይለካ። ሞተሩ ሞቆ በ2,500 ዙር ሲሠራ ቮልቴጁ ከ0.1 እስከ 0.9 ባለው መካከል መዋዠቅ፣ በ10 ሰከንድም ቢያንስ 8 ጊዜ መመላለስ አለበት። ባለበት ከቆመ ወይም ከተንቀራፈፈ ይቀየር። በጥርስ የሚገባው ዓይነት ከ40 እስከ 45 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል፤ ብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ያለው በሁለት ዳዶ የሚታሰረው ግን 20 ይበቃዋል፣ ከዚያ ካለፈ ቡሎኑ ይበጠሳል። ቱቦው በብየዳ ተያይዞ ከነበረም ብየዳው ሲሠራ ባትሪው ተነቅሎ እንደነበር ይጠይቁ። የብየዳው መሬት ገመድ ራቅ ብሎ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በሴንሰሩና በኮምፒውተሩ በኩል ሊያልፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ አዲስ ካታላይዘር ከመግዛት የአሮጌውን ውስጥ አስወጥቼ ባዶ ቱቦ ባደርገውስ? ጓደኞቼ ጉልበት ይጨምራል ይሉኛል።
ከወልድያ

መልስ፦ የተደፈነው ሲወጣ ጉልበት ይመለሳል፤ ጤነኛው ሲወጣ ግን በአሮጌ የቤት መኪና ላይ የሚገኘው ጥቅም በመሪው ላይ ተቀምጦ የሚታወቅ አይደለም። የሚያጡት ግን ብዙ ነው። የሞቀ ጤነኛ ካታላይዘር ከካርቦን ሞኖክሳይዱ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ያቃጥላል። እሱ ከሌለ ያ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ከነሙሉ መርዙ ይወጣል። ማርሚታው የተቀደደ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ መተኛት፣ ወይም በተዘጋ ግቢ ጋራዥ ሞተር አስነስቶ መቆየት ሕይወት ያስከፍላል። ከካታላይዘሩ በኋላ ሁለተኛ የኦክስጅን ሴንሰር ያለው መኪና ከሆነም የቼክ ኢንጂን መብራቱ ይበራል፤ በኋላ ሌላ ብልሽት ሲመጣ ማስጠንቀቂያውን አያዩትም። አቅም ካጠረ ቢያንስ ለሞተርዎ ሲሲ የሚመጥን ሁለንተናዊ (ለተለያዩ መኪኖች የሚሆን) ካታላይዘር ይግዙ፤ ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው እንዲያመለክት ሆኖ ይገጠም፣ ከተቻለም በድሮው ቦታ። ወደ ኋላ ከራቀ ለመሥራት የሚያስፈልገው 300 ዲግሪ ያህል ሙቀት ዘግይቶ ይደርሰዋል።

ጥያቄ፦ ባትሪዬ ደክሞ መኪናውን ዘወትር ጠዋት እያስገፋሁ አስነሳለሁ። ይጎዳዋል? ከስር ያለው ቆርቆሮም ይንኳኳል፣ ልጣለው?
ከቆቦ

መልስ፦ ማስገፋቱ ይጎዳዋል። ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ጥሬ ቤንዚን ወደ ካታላይዘሩ ይገባል፤ ሲነሳ እዚያ ይነዳል። ባትሪውን ይቀይሩ፣ እስከዚያ ከሌላ መኪና ባትሪ በኤሌክትሪክ ገመድ ያስነሱ።

ቆርቆሮውን አይጣሉት፤ የካታላይዘሩ ሙቀት መከላከያ ነው። የዛገው ጆሮው ከሆነ የሚንኳኳው፣ ሁለት የማይዝግ ብረት ክላምፕ ዙሪያውን አስሮ ማጥበቅ በቂ ነው። ድምፁ ከቆርቆሮው ሳይሆን ከውስጥ ከሆነ፣ ሲቀዘቅዝ በጎማ መዶሻ ቀስ ብለው ይምቱት፤ ጠጠር እንደያዘ ቆርቆሮ ከተንኳኳ ሴራሚኩ ተሰብሯል፣ ስብርባሪውም ማርሚታውን ሳይዘጋው ይቀየር። በአዝመራ ወቅት ደግሞ ከመንገድ ወጥተው ሲያቆሙ የማሽላ አገዳና ጭድ ላይ አያቁሙ። ካታላይዘሩ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ደረቅ ሣር ለማቀጣጠል የሚበቃ ግለት ይይዛል፤ ቆርቆሮው የወለቀ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።