ዳገት ላይ የሚጠፋው አይሱዙ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ነጋዴ ነኝ። በርበሬና በቆሎ ከቡሬ ወደ አዲስ አበባ አስጭናለሁ። መኪናዬ አሮጌ አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው፤ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ) የለውም። ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። የዓባይን ዳገት ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ደግሞ መሃል ላይ ይጠፋል። ሹፌሩ የእጅ ፓምፑን ሲመታው ይነሳል፣ ትንሽ ሄዶ እንደገና ቀጥ ይላል። ሰልባትዮው (የናፍታ ማጠራቀሚያው) ሙሉ ሲሆን ግን ብዙም አያስቸግርም። መሬት ላይ የተንጠባጠበ ናፍታ አላየንም። ሹፌሬ «ጉልበት አንሶት ነው፣ ተርቦ እናስገጥምለት» ይላል። አንድ ጋራዥ ደግሞ ፖምፓው (ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ይውረድ አለኝ። በየቱ ልጀምር?
ከቡሬ

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ የጠቀመችኝ ስለ ሰልባትዮው የጻፏት ናት። ሞተር ጉልበት ቢያንሰው ሰልባትዮው ሞላ ጎደለ ግድ የለውም። የእርስዎ መኪና አየር እየሳበ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰልባትዮ እስከ ፖምፓ ያለው ናፍታ በመሳብ ነው የሚመጣው፣ እየተገፋ አይደለም። ስለዚህ ቱቦው ቢሰነጠቅ ናፍታ ወደ ውጭ ከመፍሰሱ በፊት አየር ወደ ውስጥ ይገባል። መሬቱ ደረቅ የሆነብዎ ለዚህ ነው። ናፍታው ሲጎድል ከታች ስቦ ማምጣት ይከብደዋል፣ አየሩም ይበዛል። ጠዋት የሚያስቸግረውም ሌሊቱን ናፍታው ወደ ሰልባትዮው ስለሚመለስ ነው።

ይህን ያወቅሁት በመጽሐፍ አይደለም። ወጣት ሳለሁ የናፍታ ጎማ ተበጥሶብኝ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ ቆርጬ ገጠምኩ። ከውጭ ሲታይ አምሮበት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጤፍ ጭነን ዓባይ በረሃ ስንገባ ጎማው በናፍታው አብጦ ልፍስፍስ ብሏል። ፋሸታውን (የጎማ ማጥበቂያ ቀለበቱን) ባጠበቅሁት ቁጥር እንደ እርጥብ እንጀራ ይቀደዳል። ድልድዩ አጠገብ በዚያ ሙቀት አደርን። ሲነጋ ረዳቱ ሳቀብኝ፣ ዝንጀሮዎቹም የሳቁብኝ መሰለኝ።

አሁን ፖምፓ ከማውረድዎ በፊት ይህን ያሠሩ። ንጹሕ ናፍታ በጀሪካን ይሞላ። ጀሪካኑ ከሞተሩ ከፍ ብሎ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ በደንብ ይታሰር። ከሰልባትዮው የሚመጣው ቱቦ ተነቅሎ ከጀሪካኑ የሚመጣ ሌላ ቱቦ ይገጠም። ትርፉን ናፍታ የሚመልሰውም ቱቦ ወደዚያው ጀሪካን ይግባ፤ አለዚያ ናፍታው ቶሎ ያልቅና መኪናው ዳነ አልዳነ ሳታውቁ ትቀራላችሁ። መኪናው ሳይጫን ባዶውን ቡሬ አካባቢ ዳገት ላይ ይሞከር። ዓባይ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በጀሪካኑ ደህና ከሠራ ጥፋቱ ከሰልባትዮ ወዲህ ባለው መስመር ላይ ነው። ፖምፓውን ማንም አይንካው።

ከዚያ መስመሩ ይቀየር። ሙሉውን ይቀይሩት፤ እየቆራረጡ መጠገን መገጣጠሚያዎችን ማብዛት ነው፣ አየር የሚገባው ደግሞ በየመገጣጠሚያው ነው። በሻንሲው ላይ የሚሄደው የብረት ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚበላው ማሠሪያው ሥር ነው፣ ጭቃ ስለሚቋጥር። እዚያ በጥፍር ሲጫሩት የሚረግፍ ከሆነ አበቃለት። በመዳብ ቱቦ እንተካው የሚል ይመጣል፤ ለመጠምዘዝ ይመቻል እንጂ በንዝረት ደርቆ ይሰነጠቃል። ብረት ይሁን። ጎማው ለናፍታ የተሠራ መሆኑን ጽሑፉን አይተው ይግዙ፣ አሮጌውንም ለልክ ይዘው ይሂዱ። በየመገጣጠሚያው ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች (ቀለበቶች) በአዲስ ይተኩ። ሰልባትዮው ውስጥ ያለው መሳቢያ ቱቦም ይፈተሽ፤ ውሃ ይበላዋል፣ ወንፊቱም በቆሻሻ ይደፈናል። ናፍታ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር ጀሪካን የሚቀዳ መኪና ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ከፖምፓ ወደ ኢንጀክተር (ናፍታውን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጨው) የሚሄዱት ወፍራም የብረት ቱቦዎች ሌላ ናቸው። ከ100 ባር በላይ ግፊት ይሸከማሉ። ሞተሩ እየሠራ በእጅ አይዳሰሱ፣ የሚረጨው ናፍታ ቆዳ በስቶ ይገባል። ከተበላሹም ዋናው መለዋወጫ እንጂ ሌላ አይሆንም።

ወደ ሹፌርዎ ሐሳብ ልምጣ። ልጁ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ያንን ያህል ይደክማል። ግን ድካም ሌላ፣ መጥፋት ሌላ። ጉልበት ለማግኘት ብሎ ፖምፓውን ከፍቶ ናፍታ መጨመር ደግሞ የባሰ ነው፤ የጎደለው አየር ነው፣ የሚያገኙት ጥቁር ጭስና የጋለ ሞተር ነው። ተርቦ አየሩን ይመልሳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ በማይታወቅ ፒስተንና ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ላይ? እኔ የራሴ ቢሆን አላስገጥምም።

ከማሻሻያዎቹ አንድ ብቻ ልምረጥ ካሉኝ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ነው፣ ከታች የሚያሳይ ብርጭቆ ያለው። ረዳቱ ጠዋት ጠዋት ውሃውን ያፍስሰው። የተርቦው ገንዘብ ለፍሬንና ለራዲያተር ይሁን። ዓባይን የሚወጣ መኪና መጀመሪያ ደጀን ላይ ሆኖ ይወርዳል፣ በርበሬውም ጀርባው ላይ ነው።

የጀሪካኑን ነገር ሞክረው ይጻፉልኝ። በጀሪካኑም ከጠፋ ያኔ ስለ ፖምፓው እናወራለን።