ኮሚኒቲያችን ዕዳ ቢበዛበት እንደ ኩባንያ ኪሳራ አውጆ መዝጋት ይቻላል ወይ?

እህቴ፣ እንግሊዝ አገር ያለው ኮሚኒቲያችሁ የቤት ኪራይ ዕዳ እንደተቆለለበት ጽፈሻል። ኮሚቴው «እንደ ኩባንያ ኪሳራ አውጀን እንዝጋው» ማለቱ ያዋጣል ወይ ነው ጥያቄሽ።

መጀመሪያ መመሥረቻ ሰነዱን ፈልጊ። እኔ የአንድ ኮሚኒቲ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ለዓመታት «የቻሪቲ (የበጎ አድራጎት ድርጅት) ቁጥር አለን» ብለን ተማምነን ኖርን። ዕዳው ሲመጣ ሰነዱን አወጣነው፤ ለካ ተራ ትረስት ነው፤ ባለአደራ የተባሉ ሰዎች ንብረቱን በራሳቸው ስም የሚይዙበት አደራ ማለት ነው። የኪራይ ውሉ መጨረሻ ገጽ ላይ የሦስት ሰው ፊርማ አለ። አንዱ የኔ ነው። እጄ ቀዘቀዘ።

ትረስት ለብቻው የሕግ ሰውነት የለውም፤ በራሱ ስም ውል መግባት አይችልም። ስለዚህ የ1986ቱ የኪሳራ ሕግ ለኩባንያ ባስቀመጠው መንገድ አይፈርስም። ባለዕዳዎቹ ባለአደራዎቹ ራሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ከትረስቱ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ ካልበቃ ከኪሳቸው። እኛ አከራዩን ቶሎ ሄደን አነጋገርነው፤ በየወሩ እየቆራረጥን ሁለት ዓመት ከፈልን። ለባለቤቴ ለመንገር አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

ኮሚኒቲያችሁ በዋስትና የተወሰነ ኩባንያ ከሆነ፣ ማለትም አባላቱ ቢዘጋ ትንሽ ገንዘብ እንከፍላለን ብለው ቃል የገቡበት ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ፈቃድ ያለው ሂሳብ አጣሪ ይሾማል፣ ንብረት ይሸጣል፣ ዕዳ ለሚጠይቁት ባለገንዘቦች በሕጉ ቅደም ተከተል ይከፍላል። የአባላት ዕዳ ቃል በገቡት ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ 1 ወይም 10 ፓውንድ። ከ2013 ጀምሮ የመጣው «ሲአይኦ» የሚባለው፣ የራሱ የሕግ ሰውነት ያለው የቻሪቲ ዓይነትም በ2012 በወጣ ደንብ ወደዚሁ የኪሳራ ሕግ ገብቷል። አሁን ወደ ሲአይኦ ብትቀየሩ ግን ፈራሚዎቹ ከድሮው ዕዳ አያመልጡም።

ኩባንያ ብትሆኑም ተጠንቀቁ። መውጫ እንደሌለ እያወቃችሁ፣ ወይም ማወቅ ሲገባችሁ፣ ዕዳ መጨመር ከቀጠላችሁ ፍርድ ቤት ከግል ገንዘባችሁ አዋጡ ሊል ይችላል። ስለዚህ አሁኑኑ ተሰብሰቡ። ምን እንዳያችሁና ምን እንደወሰናችሁ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

አንድ ነገር አደራ። ለልጆች የአማርኛ ትምህርት ብቻ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ካለ ለኪራይ እንዳትነኩት። በአደራ የተያዘ ስለሆነ በአብዛኛው ለሌላ ዕዳ አይውልም። በጭንቅ ሰዓት መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ እኛም ስብሰባ ላይ ተጨቃጭቀንበታል።

ዛሬ ማታ የኪራይ ውሉን ገልጠሽ ማን እንደፈረመ፣ በራሱ ስም ይሁን በድርጅቱ ስም፣ እዚሁ ጻፊልኝ። ከዚያ ወደ የትኛው ባለሙያ እንደምትሄዱ እነግርሻለሁ።