ሰማዕትና መሥዋዕት የአንድ ግንድ ናቸው ወይ?

ጥያቄ፦ የካቲት 12 "የሰማዕታት ቀን" ይባላል፣ ጦር ሜዳ ላይ ለሞቱ ወታደሮች ግን "የተሰዉ" ወይ "መስዋዕትነት የከፈሉ" ሲባል ነው የምሰማው። ወታደርን ሰማዕት ማለት ስህተት ነው?

መልስ፦ ስህተት አይደለም። ግን ድምፃቸው ስለተቀራረበ ብቻ ሁለቱን ከአንድ ሥር የሚያወጡ ሰዎች ስላሉ ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። ሰማዕት በእሳቱ ሰ ነው፣ ግሱ ሰምዐ፣ ያው ሰማ ማለት፣ ከሱ ስምዕ ይወጣል፣ ምስክርነት፣ ስለዚህ ሰማዕት መጀመሪያ ምስክር ነው በኋላ ነው ለምስክርነቱ የሞተ የሆነው። የግሪኩ ማርቲስም የአረብኛው ሸሂድም መነሻቸው ይኸው ምስክር ነው። መሥዋዕት ግን በንጉሡ ሠ፣ ከሦዐ፣ የኛው ሠዋ፤ ምሥዋዕ ደግሞ መሠዊያው። እዚህ ቤት ምስክር የለም፣ የሚቀርብ ነገር ነው ያለው። ኤርትራ ውስጥ ሰኔ 13 የሚታሰበው ቀን በትግርኛ መዓልቲ ስውኣት፣ የተሠዉት ቀን፣ የሚባለው በዚህኛው መንገድ ሄዶ ነው።

"ሰማዕት የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው ለወታደር አይሰጥም" የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፣ አልቀበለውም። በ1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን የተጨፈጨፈው ሕዝብ እኮ አብዛኛው መሣሪያ ያልያዘ ነው፣ ሃይማኖትህን ካድ ተብሎም አልተጠየቀም፣ ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት ግን ሰማዕታት ይላቸዋል፣ ልክም ነው። ለነሱ ከሆነ የሚሞትለትን አውቆ ለዘመተው እንዴት አይሆንም?

እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው፣ "መሥዋዕትነት ከፈሉ" የሚባለው። መሥዋዕት ይቀርባል ይሠዋል እንጂ አይከፈልም፣ የሚከፈል ዕዳና ግብር ነው። ሰማዕትነትን እንኳን "ተቀበሉ" ነው የምንለው። ደሞ -ነት ምን ሊሠራ ገባ፣ መሥዋዕት ራሱ ስም አይደል? "ሕይወታቸውን ሠዉ" ይበቃል፣ ለኔማ ከሁሉም "ወደቁ" ይበልጥብኛል፣ አንድ ቃል ነው፣ ሰውየውንም መሬቱንም አንድ ላይ ያሳያል። እርግጥ ዜናውም መድረኩም ተማሪውም "ከፈሉ" ካለ ቆይቷል፣ እኔ ስለጠላሁት አይወጣም፣ አሁን አማርኛ ነው ማለት ግድ ሆኖብኛል። "ሠማዕታት" ብሎ በንጉሡ ሠ መጻፍን ግን ባነር ላይም ይሁን የትም አልለቅም።