የኬሚካል ፓምፕን በስልክ መቆጣጠር የሌሊት ፈረቃን ይተካል ወይ?

ጠያቂያችን የአንዲት አነስተኛ ከተማ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ኃላፊ ሲሆኑ፣ የአልሙኒየም ሰልፌት (ጭቃውን አያይዞ የሚያዘቅጠው ኬሚካል) እና የክሎሪን ፓምፖችን በስልክ መቆጣጠር ከቻሉ የሌሊት ፈረቃን ማስቀረት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። ጅማ አካባቢ በማጣሪያ ጣቢያ ለዓመታት በፈረቃ ስለሠራሁ መልሴን ላስቀድም፦ ጣቢያውን ከርቀት መመልከት ጥሩ ነው፤ የኬሚካል መጠንን ከርቀት መለወጥን ግን አልመክርም፣ የሌሊቱንም ሠራተኛ አያስቀሩ።

የመጀመሪያው ምክንያት ወንዙ ነው። ወደ ጊቤ የሚገቡት ጅረቶች የሐምሌ ዝናብ ሲወርድባቸው ቀይ አፈር ይዘው ይመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ የጣለውም ዝናብ መግቢያችን ላይ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከመሸ ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ምሽት የቀን ፈረቃው የተወልኝን መጠን ሳልነካው እንቅልፍ ጣለኝ፤ ሌሊት ስነቃ ያልረጋው ጭቃ ከማዝቀጫ ገንዳው አልፎ የአሸዋ ማጣሪያዎቹን ደፍኗቸው ነበር። ፓምፑ አንዳች ስህተት አልሠራም፤ የታዘዘውን ቁጥር እስከ መጨረሻው ፈጽሟል።

ቁጥሩን የሚያስተካክለው ጃር ቴስት፣ ማለትም ትክክለኛውን የኬሚካል መጠን በብርጭቆ ሞክሮ የማግኛ ዘዴ፣ ነው። 10 ግራም አልሙኒየም ሰልፌት በ1 ሊትር ውሃ ቢያሟሙ፣ ከዚያ ላይ 1 ሚሊ ሊትር ወስደው በ1 ሊትር ጥሬ ውሃ ሲጨምሩ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ይሆናል። በስድስት ብርጭቆዎች የተለያየ መጠን ጨምረው ለ1 ደቂቃ በፍጥነት፣ ቀጥሎ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ በዝግታ ያማስሉና ግማሽ ሰዓት ያህል ያስቀምጡት፤ ከላይ በደንብ የጠራው ብርጭቆ ይመራዎታል። መጠኑን ባበዛሁ ቁጥር ይጠራል የሚል ኦፕሬተር አይጠፋም፤ ኬሚካሉ ፒኤችን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) ስለሚያወርድ ትርፉ ራሱ ውሃውን መልሶ ሊያደፈርሰው ይችላል።

ክሎሪኑ የባሰ ያታልላል። የዓለም ጤና ድርጅት ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ድፍርስነቱ ከ1 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) በታች እንዲሆን፣ ከ30 ደቂቃ ቆይታ በኋላም ቢያንስ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ነፃ ቅሪት ክሎሪን (ሳያልቅ በውሃው ውስጥ የቀረ ክሎሪን) እንዲገኝ ይመክራል። በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ለሚያመርት ጣቢያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም መጨመር ማለት በሰዓት 200 ግራም ክሎሪን ማለት ነው፤ ጥንካሬው 65 በመቶ በሆነ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ሲሰላ 308 ግራም ያህል ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ በመጋዘን ሲቆይ ግን ይደክማል፤ በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች ፍሳሽ ወደ ወንዝ ሲገባ፣ ለዓይን የጠራ ውሃ እንኳ ክሎሪኑን ይበላዋል። ይህን የሚያውቀው በየሰዓቱ ቅሪቱን የሚለካ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ደኅንነት ነው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት አሊኪፓ በምትባል አነስተኛ ከተማ የውሃ ግፊት መቆጣጠሪያ መሣሪያ በኢንተርኔት ተጠልፎ ነበር፤ ሠራተኞቹ ወደ እጅ አሠራር ስለዞሩ ውሃው አልተቋረጠም። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ያወጣው ማሳሰቢያ በቅድሚያ የጠየቀው «1111» የሚለው ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃል እንዲቀየር ነበር። የእኛ ጣቢያዎች መሣሪያዎችም ገጣጣሚው ትቶት በሄደው ቁጥር የሚከፈቱ እንዳይሆኑ ዛሬውኑ ይመልከቱ።

ስለዚህ በስልክዎ የሚታየው የገንዳ ከፍታ፣ ድፍርስነትና ቅሪት ክሎሪን ብቻ ይሁን፤ የፓምፑ ማስተካከያ እዚያው ጣቢያው ላይ በቁልፍ ይያዝ። የክሎሪን መቀላቀያ በርሜሉንም ለአንድ ፈረቃ በሚበቃ መጠን ብቻ ያስሞሉ፤ ማንም ሰው፣ ተሳስቶም ይሁን ሆን ብሎ፣ ፓምፑን እስከ መጨረሻ ቢከፍተው ወደ ከተማው ሊገባ የሚችለው በበርሜሉ ውስጥ ያለው ብቻ ይሆናል።